ከአስራ ዘጠኝ ቀጥሎ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት መናገርም አልሆነልኝም፤ ማኅበር ላይ "እስኪ አንቺም ተጫወቺ እንጂ" ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ የሻይ ማንኪያ የማዞር ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው በአፌ ልናገረው ሞክሬ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ለተ፣ "አፍሽ እምቢ ካለ እጅሽ ይሞክረው፤ ስትጽፊ ማን ያይሻል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሁን የሚያየኝ የለም። ስህተቴን እያለፋችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ለንደን፣ ዌምብሊ ነው። የምሠራው ሂትሮው ኤርፖርት፣ ጽዳት። መንገደኞች ሻንጣቸውን ይዘው በሚወጡበት አዳራሽ፣ አውሮፕላኖቹ ከየት እንደመጡ የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። እዚያ ሰሌዳ ላይ የአንዲት አገር ስም በቀን ሁለት ጊዜ ይበራል። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ትንሽ ደሴት ናት። ፎቶዋን የለንደን አውቶቡስ ላይ ለጥፈው "ለእረፍት ኑ" ይላሉ፤ ባሕሩ ሰማያዊ፣ ድንጋዩ ነጭ። ያ አውቶቡስ በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። የዚያች አገር አውሮፕላን ሲያርፍም ባልዲዬን እየገፋሁ ወደ ሌላ ጥግ እሄዳለሁ። ለዓመታት እንዲህ ነበር የምሠራው፤ ሱፐርቫይዘሬም አንድ ቀን አላወቀብኝም።

ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እኔና ብዙአየሁ የወልድያ ልጆች ነን፤ ያደግነው በአንድ ግቢ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እኔንም ያሳደጉኝ የብዙዬ እናት እማማ የሺ ናቸው። ብዙዬ ደፋር፣ ተጫዋች፣ አፏ የማይያዝ። እኔ ደግሞ ከኋላዋ የምሄድ ጥላዋ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው አፈሳ ወንድሟን ወሰዱት። ሲመለስ ከሰው ጋር መብላት ትቶ ነበር። ብዙዬ ያን አይታ "እዚህ አገር አልቀመጥም" አለች። እማማ የሺ ለምነው ሲያቅታቸው፣ "ብቻሽን ግን አትሄጂም" አሉና እኔን አዩኝ። ተከተልኳት።

በረሃውን፣ ሊቢያን፣ ጀልባውን አልተርክም፤ ሌሎች ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል። የጀልባችን ሞተር ባሕር ላይ ሲቆም የደሴቲቱ ፖሊሶች ጎትተው ወደብ አደረሱን። መሬቱን ስመን "ዳንን" አልን። ከወደቡ በቀጥታ በሽቦ ወደታጠረ የድሮ የጦር ሰፈር ወሰዱን።

ትንሽ አገር እንግዳ ይፈራል፤ እዚያ ሆኜ የተረዳሁት ይህን ነው። ፖሊሶቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ያንዱ አክስት የሌላው ጎረቤት ናት፤ ያኛው የዚህን ልጅ ክርስትና አንስቷል። ከባሕር የመጣ የማያውቁት ሰው ሲበዛባቸው ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸውና መቁጠር ጀመሩ። ጠዋት ይቆጥሩናል፣ ማታ ይቆጥሩናል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይቆጥሩናል። በስም የሚጠራን አልነበረም። ነገሩ እኛም ትክክለኛ ስማችንን አልሰጠናቸውም፤ ደላላው "እውነተኛ ስማችሁን ከተናገራችሁ ወደ አገራችሁ ይመልሷችኋል" ብሎን ነበር። ስለዚህ የቆምንበት ተራ ስማችን ሆነ። እኔ አስራ ዘጠኝ፣ ብዙዬ ሃያ።

ሴቶቹን የሚቆጥረው አንድ ሳጅን ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ጢሙ የተከረከመ። ሲቆጥር አገጩን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ቁጥር ጎተት እያደረገ፣ ዜማ ባለው ድምፅ ነው። ቁጥራችን ሲጠራ በእነሱ ቋንቋ "አለሁ" ማለት ግዴታችን ነው። እስከ ዛሬ ከዚያ አገር ቋንቋ የማውቀው ቁጥሩንና ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

ስም ያወጣችለት ብዙዬ ናት። "ቆጣሪው መጣ!" ትላለች ከሩቅ ስታየው። "ሂሳብ ያልከፈላችሁ ተሸሸጉ፣ መብራት ሊቆርጥባችሁ ነው!" እንስቃለን። አንድ ቀን ሳቃችንን ሰምቶ በእንግሊዝኛ "ምን አለች?" ብሎ ጠየቀ።

"ቆንጆ ነህ ነው ያልነው" አለችው ብዙዬ ፈጠን ብላ።

ፊቱ ቀላ። ቁጥሩ ጠፍቶበት ከአንድ ጀመረ። እኛ ደግሞ ከሳቃችን ብዛት "አለሁ" ማለት አቃተን።

ሳጅኑ ክፉ አልነበረም፤ ደግ ነው ለማለትም አልችልም። ቆጣሪ ነበር።

ብዙዬ ከባሕሩ ጀምሮ ደረቷን ያማት ነበር። ስትስቅ እጇን እዚህ ጋ፣ ከጡቷ ሥር ትይዛለች። አንድ ጠዋት ከወንዶቹ በኩል ሁለት ልጆች አጥር ዘለው ጠፉ። የካምፑ አዛዥ ራሱ መጣ፤ ቁጥሩ እስኪሞላ ሁሉም ሰው ውጭ ይቁም አለ። ቆምን። የደሴቲቱ ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው፤ ነጩ ድንጋይ መልሶ ያቃጥላል። አዛዡ "ድገመው" ይላል፤ ሳጅኑ ይደግማል። የሸሹት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹን ደጋግሞ መቁጠር ምን እንደሚጠቅም ዛሬም አይገባኝም።

እኩለ ቀን ላይ "አስራ ዘጠኝ" ሲል "አለሁ" አልኩ። "ሃያ" ሲል መልስ የለም። ዞር ስል ብዙዬ መሬት ተቀምጣለች።

"አስመሳይ ናት፤ አስነሷት" አለ አዛዡ።

ትከሻዬን ይዛ ተነሳች። የእጇ ትኩሳት በልብሴ ውስጥ አለፈ። "አለሁ" አለች በቋንቋቸው። ከዚያ እጇ ከትከሻዬ ላይ ተንሸራተተ። ሳጅኑ አንስቶ አቅፎ በፖሊስ መኪና ይዟት ሄደ። አንድ እግር ነጠላ ጫማዋ እዚያው ቀረ።

ማታ አዛዡ "ሃያ ወደ ሌላ ካምፕ ተዛውራለች፤ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ትላካለች" አለን። ሴቶቹ "እድለኛ! ታማ ቀደመችን" አሉ። ሌሎቹ ደጋግመው ጠየቁ፤ ያው መልስ ተሰጣቸው። እኔ ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው አንድም ቀን ጥያቄ አቅርቤ አላውቅም፤ ያኔም አፌ አልተከፈተም።

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኑ ሲቆጥር "አስራ ዘጠኝ" አለ። "አለሁ" አልኩ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ "ሃያ" ሊለኝ ነው ብላ አፏን ስትከፍት "ሃያ አንድ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክወጣ ድረስ ሃያን ጠርቶ አያውቅም። እኔ ደስ አለኝ። ተመልሳ ትመጣለች፣ ቦታዋን ጠብቆላት ነው ብዬ።

ከደሴቲቱ ወጥቼ ለንደን የገባሁበት መንገድ ረጅም ነው፤ ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ እየተመላለስኩ ወረቀት ያገኘሁበትም ሌላ ታሪክ ነው። ብዙዬን ግን በምንም መንገድ ላገኛት አልቻልኩም። በእውነተኛ ስሟ ሳፈላልጋት እንዲህ ያለች ሰው አልመጣችም አሉ። በሰጠችው ስም ስትፈለግ ተዛውራለች፣ ሌላ አናውቅም አሉ።

እማማ የሺ እሁድ እሁድ ማታ ሚስኮል ያደርጉልኛል፤ መልሼ እደውላለሁ። ስልኩን የገዙት ለዚህ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የሚደውልላቸውም የለም። መጀመሪያ ስለ ብዙዬ የሚጠይቁኝ "ድምፅ አለ?" ብለው ነው። "የለም እማማ" እላለሁ። "ይሁን፤ ይሁን" ይሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዶሮዎቹ ያወሩኛል። ሰፈርተኛው ግን ዝም አላለም። አንዱ ካናዳ አግብታለች፣ ሌላው ኢጣሊያ አየኋት ይላል። "አገር ስታገኝ እናቷን ረሳች" ይሏታል። እማማ የሺ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ያንሳል። ልጃቸውን እንዳያለቅሷት መርዶ የላቸውም፤ እንዳይመርቋት ድምፅ የላቸውም።

እንግዲህ አሁን ወደዚያ ቀን ልመጣ።

ቅዳሜ ነበር፣ ረፋድ ላይ። አንዷ ሠራተኛ ቀረችና ሱፐርቫይዘሩ መውጫው አዳራሽ ላይ መደበኝ። ሰሌዳውን ሳየው የዚያች አገር አውሮፕላን አርፏል ይላል። "ቶሎ ጨርሼ እሄዳለሁ" ብዬ አንገቴን ደፍቼ መወልወል ጀመርኩ።

በሩ ተከፍቶ አንድ መንጋ አዛውንቶች ወጡ። አንገታቸው ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ሻርፕ አስረዋል፤ የአንድ ሰፈር የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። ይስቃሉ፣ ሻንጣቸው ይጋጫል፣ አንዷ ዣንጥላዋ ጠፍቶባት ትፈልጋለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እወለውላለሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና መቁጠር ጀመረ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ያ ዜማ። ያ ጎተት የሚል ድምፅ። እጄ መወልወያው ላይ ደረቀ። መሸሽ ፈለግሁ፤ እግሬ ግን ተገጣጥሞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትከሻዬ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ አይደለሁም ያዘዝኩት። አስር አለ፣ አስራ አምስት አለ፣ እኔ ሂትሮው መሆኔን ረሳሁ። ነጩ ድንጋይ ታየኝ።

"አስራ ዘጠኝ" አለ።

"አለሁ!" አልኩ በቋንቋቸው። ጮክ ብዬ።

አዛውንቶቹ ዞረው አዩኝና በሳቅ ፈነዱ። አንዲት ጥቁር የጽዳት ሠራተኛ በቋንቋቸው ቀልድ ጣል ያደረገች መሰላቸው። አንዷ አጨበጨበችልኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ጢሙ ነጥቷል፣ ሰውነቱ ከስቷል፤ ዩኒፎርምም የለም፣ ሹራብ ነው የለበሰው። እጁ ወደ ቀጣዩ ሰው እንደተዘረጋ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ "ሃያ አንድ" አለ።

ከጎኑ የቆመች ሴት፣ ሚስቱ ናት፣ በእንግሊዝኛ ለእኔ ለማስረዳት ሞከረች። "ይቅርታ፤ ባለቤቴ ሲቆጥር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጨምራል። ቤት ውስጥም ሳህን ሲደረድር እንደዚሁ ነው። አርጅቷል!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ መወልወያዬን ጥዬ ሮጥኩ።

እትዬ ለተ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። እትዬ ለተ አስመራ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አጥርተው ይናገሩታል።

"ምን ሆነሻል? ባልዲሽን ጥለሽ! አንድ ሰው ተንሸራቶ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እሱ መጣ፣ እትዬ።"

"ማን?"

"ቆጣሪው።"

ስለ ካምፑ ከዚያ በፊት ጥቂት ነግሬያቸው ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሹራብ ለብሶ እንደመጣ፣ ሃያን አሁንም እንደሚዘል ነገርኳቸው። አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ልጅት፣ ይህ ሰው ያውቃል" አሉ።

"ምን?"

"ቦታዋን የጠበቀላት ሰው እስከ ዛሬ ይጠብቃል እንዴ? ሂጂ ጠይቂው።"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"አላውቅም። ፖሊስ ነው።"

"ጡረተኛ ነው! ሹራብ ለብሷል አላልሽም? ሹራብ የለበሰ ሽማግሌ ትፈሪያለሽ?"

"እትዬ፣ ከጠየቅሁት ይነግረኛል እኮ" አልኳቸው።

ይህን ስል ምን እንደምፈራ ለራሴም ገባኝ። እሳቸውም ገባቸው። ቀበቶዬን ይዘው አነሱኝ። "እናትየዋ እሁድ እሁድ ምን ብላ ነው የምትጠይቅሽ?" አሉኝ። በሩን ከፍተው ወደ አዳራሹ ገፉኝ።

አዛውንቶቹ የሉም። ወደ አውቶቡሳቸው ሄደዋል። "አመለጠኝ" ብዬ አሰብኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። ከዚያ ዞር ስል ወለሉ ገና እርጥብ የሆነበት ቦታ ላይ፣ ከቢጫው የጥንቃቄ ምልክት አጠገብ፣ እሱ ብቻውን ቆሟል። መወልወያዬን አንስቶ ይዞታል። ሰው ሲመጣ በእጁ "በዚህ እለፉ" እያለ ይመልሳል። ባልዲዬን እየጠበቀልኝ ነበር።

ቀረብኩ። በእንግሊዝኛ ነው የተነጋገርነው፤ የሁለታችንም የተሰባበረ ነው።

"አስራ ዘጠኝ" አለኝ።

"ስሜ ፋንታዬ ነው።"

"ፋንታዬ" ብሎ ሞከረው። "አውቶቡሱ ውስጥ ትንሽ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። ትመለሻለሽ ብዬ ነበር።"

ጫማውን እያየሁ ነበር። ሁለታችንም የምንጠብቀው የእኔን ጥያቄ ነው።

"ሃያ የት አለች?" አልኩት።

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንድቀመጥ አግዳሚውን አሳየኝ። ራሱ አልተቀመጠም።

"እዚያው መኪና ውስጥ ነው ያረፈችው" አለ። "ሐኪም ቤት ሳንደርስ። ሹፌሩ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ይዣታለሁ። ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ግን ትናገር ነበር።"

"ምን አለች?"

"በእኔ ቋንቋ ነው የተናገረችው። 'አለሁ' ትላለች። ትንሽ ዝም ትልና 'አለሁ' ትላለች። እኔ አልቆጠርኩም እኮ። ማንም አልቆጠረም። የምቆጥር መስሏት ነው። ኋላ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ያችን ቁጥር መጥራት አልችልም። ከጠራኋት የምትመልስልኝ ይመስለኛል።"

አላለቀስኩም። ትከሻዬን ያዝኩ፤ የያዘችኝን ቦታ።

"ተዛውራለች ያላችሁንስ?"

"ያን ሳምንት ጋዜጠኞች በሩ ላይ ነበሩ። አዛዡ እንዲህ በሉ አለ። እኔ አንድ ሳጅን ነኝ፤ ጡረታዬ ደርሶ ነበር። አልኩ።" ቀጥሎም፣ "አገራችን ትንሽ ናት። ሁላችንም አንድ ነገር እናውቃለን፤ ሁላችንም ዝም እንላለን" አለ።

"የት ናት ታዲያ?"

"በእናቴ መቃብር ውስጥ። የሰፈራችን ቄስ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ለምኜው በጓሮ በር አስገባን። ሚስቴ እንኳ አታውቅም። የእናቴን አበባ ሳስቀምጥ ሁለት አስቀምጣለሁ፤ እሷ ቁጥር የተሳሳትኩ ይመስላታል።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቴን ለማየት ሞከረ። "ድንጋዩ ላይ ስሟን ማስጻፍ እፈልጋለሁ። የሰጠችን ስም የእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እባክሽ፣ ስሟ ማን ነበር?"

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ዩኒፎርም ለብሶ ያዘዘኝን ሰው እምቢ አልኩት።

"አሁን አልነግርዎትም" አልኩት። "እናቷ አልሰማችም። እናቷ ሳትሰማና ሳታለቅስ ስሟ ድንጋይ ላይ አይጻፍም።"

አልገባውም ብዬ ፈርቼ ነበር። ገብቶት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እስከ ማክሰኞ ዌምብሊ አንድ ሆቴል እንደሚቆዩ ነገረኝ። ከውጭ ሚስቱ ስትጣራ ተሰማ። ሲሄድ መወልወያውን ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰጠኝ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ።

ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ላይ እትዬ ለተን "ዛሬውኑ ልደውልላቸው?" አልኳቸው።

"አብደሻል! በስልክ መርዶ ይነገራል? ብቻዋን ቤት ውስጥ ወድቃ ብትቀርስ? የሰፈሩን ሽማግሌ ፈልጊ። ንጋት ላይ ተሰብስበው ይሂዱ፣ ሰው ይያዛት፣ ወጉ ይድረሳት። ሌላ ምን ቀርቷታል?"

ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ፤ የእነ እማማ የሺ እድር ዳኛ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። "እኛም ስናማት የኖርነውን ልጅ" አሉ ሰምተው ሲጨርሱ። ሰኞ ንጋት ላይ ሊሄዱ ተስማማን።

ሰኞ ሄዱ። በወልድያ ለቅሶው እንዴት እንደነበር ሌሎች ነገሩኝ። "አገር ስታገኝ እናቷን ረሳች" ያሉት ሁሉ መጥተው ደረታቸውን መቱ አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ከእትዬ ለተ ጋር ወደ ሆቴሉ ሄድን። አዛውንቶቹ ሻንጣቸውን ደጅ ላይ ደርድረዋል። ሳጅኑን ወደ ጎን ጠርቼ ስሟን ነገርኩት። የክርስትና ስሟንም ጨመርኩ፤ ቄሱ ሲጸልዩ የሚጠሩት እሱን ነውና። "ብዙአየሁ፣ ብዙአየሁ" እያለ እስኪይዘው ድረስ አብሬው ደጋገምኩ። እኛ ቆመን ሳለን ሰዎቹን አሰለፈና ቆጠረ። አስራ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ቆመ። አዛውንቶቹ ሊስቁ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ዓይኑን ጨፍኖ "ሃያ" አለ። የተጠራችው ሴትዮ "አለሁ" አለች። እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካው? ልክ ቆጠረ!" አለች ሚስቱ።

ይቅር ብለሽዋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። አንዳንድ ቀን ብዙዬ ብቻዋን አልሞተችም፣ ሰው ይዟታል ብዬ አመሰግነዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እማማ የሺ የጠበቁትን እሁድ ሁሉ አስቤ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንኩ ማለት አልችልም። ዛሬም ማኅበር ላይ ማንኪያ አዞራለሁ። ግን የሚያስፈራኝን ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንደምችል አውቄያለሁ። የዚያች አገር አውሮፕላን ሲያርፍም አልሸሽም። አውቶቡስ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ አንድ ሰው ሲቆጥር በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ላይ ትኩስ እጅ ያርፍብኛል። ማንም ሳይሰማኝ "አለሁ" እላለሁ፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእሷ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በመንገድ ላይ ስም ቀይራችሁ ከሆነ፣ ወይም የቀየረ ሰው ካላችሁ፣ እውነተኛውን ስም ቢያንስ አንድ ሰው ይወቀው። የአብሮ አደጋችሁን ስም ይዛችሁ የቀራችሁም ካላችሁ አትፍሩ፤ ጠይቁ።

አንድ ነገር ሆን ብዬ ለመጨረሻ አስቀርቻለሁ። እሁድ ማታ፣ ጋሽ ደምሴ ሊሄዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ስልኬ እንደ ሁልጊዜው አንዴ ጮሆ ዝም አለ። እማማ የሺ ናቸው። አልደውል ብል ይጠረጥራሉ፤ ብደውል ምን እላለሁ? ደወልኩ።

"ፋንታዬ" አሉ።

"አቤት እማማ።"

"ድምፅ አለ?"

"የለም" ብል ውሸት ነው። "አለ" ብልም ውሸት ነው። ዝም አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ያቺን ጥያቄ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ከጀርባቸው የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

"ጉንፋን ይዞሻል?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ "ደምሴ ከሰዓት መጥቶ ግቢዬን ዞር ዞር እያለ ሲያይ ዋለ" አሉ። "ምን ፈለግህ ስለው እንዲያው ነው አለኝ። ድንኳን የሚተክል ሰው ነው እንደዚያ የሚያየው።"

"እማማ..." አልኩ።

ከለቅሶው በኋላ ያን ስልክ ለጎረቤት ልጅ ሰጡት፤ የሚጠብቁት ሰው የለማ። ስደውል ልጅቷ "ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል" ትለኛለች እንጂ እሳቸው ቀርበው አያውቁም። ስለዚህ ከእማማ የሺ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ያን ማታ የተናገሩት ነው፦

"ምንም እንዳትነግሪኝ ልጄ። ነገ ሲመጡ እነሱ ይንገሩኝ። ዛሬን ብቻ ልጄ እንዳለች ልደር።"